ጆንያ የለበሰው ታፔላ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ፍኖተ ሰላም

ማክሰኞ ጠዋት ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ስነሳ ለቢሮ የነገርኩት ቡሬ ወርጄ የበርበሬ ማሳ ልጎበኝ እንደሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የሥራ ባልደረባዬ ጥሩዬ እዚያ ምን ስትሠራ እንደከረመች ልሰልል ነበር። ጥሩዬ እንደ እኔው የሰብል ባለሙያ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋን ገና አልጨረሰችም። ሰሞኑን ለእኔ ሳትነግር ሦስት ጊዜ ወደ ገጠር ወርዳለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ብረታ ብረት ቤት ታፔላ ስታሠራ መታየቷን ትናንት ሰማሁ። ሐሙስ እንግዶች ማሳውን ሊያዩ ይመጣሉ፤ በርበሬውን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማስተከል የጀመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ድካሜን በስሟ ልታደርገው መሆኑ ምንም አላጠራጠረኝም። ከሥራ እንድትሰናበት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ በደረት ኪሴ ይዣለሁ።

የዚያን ቀን ሁሉም ሰው ሌባ መሰለኝ። የሚኒባሱ ረዳት ከታሪፉ በላይ ጠየቀኝ። ስጨቃጨቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ሁላችንም ከፍለናል እኮ!» አሉኝ። የረዳቱ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ከፈልኩ። ቡሬ ወርጄ በመቶ ብር ሽሮ በላሁ፤ ቀጥኗል። ከዚያ በባጃጅ እስከ ኮረኮንቹ መጨረሻ ሄጄ፣ የመስከረምን ጭቃ እየረገጥኩ ሰው በሚውጥ በቆሎ መሃል አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ተጓዝኩ።

አምስት ሰዓት፣ ማሳው ላይ

ማሳው የአያ ሙጬ ነው። አሥራ አምስት ያህል ጎረቤቶቻቸው በወንፈል ተሰባስበው በርበሬውን ይኮተኩታሉ፤ ነገ ደግሞ ተራው የሌላው ነው።

«እንደምን አረፈዱ አያ ሙጬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ብቻህን? ያች ልጅስ?»

«ትመላለሳለች አሉ?»

«ኧረ የኛው ሰው ሆናለች!»

ይሄም አናደደኝ። ታፔላው ማሳው ራስ ላይ ጆንያ ለብሶ ቆሟል። «እስከ ሐሙስ እንዳይከፈት ብላለች» አሉኝ። ምን ብትደብቅ ነው? ገመዱን ፈታሁት።

ከላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። ከሥሩ የአያ ሙጬና የወንፈሉ ሰዎች ስም በሙሉ ከነአባታቸው ተደርድሯል። የጥሩዬን ስም ሁለት ጊዜ ፈለግሁ፤ የለም።

«ማንም እንዳይዘለል ብላ ሦስት ቀን ስም ስትጠይቅ ከረመች» አሉ አያ ሙጬ። «ሐምሌ ላይ አንተ ስልጠና ሄደህ ጎርፉ መደቡን ሲያፈርሰው፣ ሁለት ቀን ሙሉ አብራን ቦይ የቆፈረችም እሷ ናት። አልነገረችህም?»

ነግራኛለች። እኔ ሪፖርቱ ላይ «በእኔ ክትትል ማሳው ተርፏል» ብዬ አልፌዋለሁ። አፈርኩ፤ ጆንያውንም መልሼ አለበስኩት።

ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። እንደ ወንፈሉ ወግ ባለማሳው የደከመለትን ሁሉ በስም እየጠራ ይመርቃል። ሳይጠራ የሚሄድ የለም። ያልመጣ ሰው ሲጠራ ደግሞ አብሮት የሚሠራው «አለ» ብሎ ምርቃቱን ይቀበልለታል። አያ ሙጬ ሁሉንም ጠርተው ሲጨርሱ «ጥሩዬ!» አሉ።

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«አለች» አልኩ። ዳር ያሉትም እንዲሰሙ ደግሜ ጮክ ብዬ «አለች!» አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ጥሩዬ ከቢሮ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። «የት ዋሉ ጋሼ?» አለችኝ፣ ጭቃ የለበሰ ጫማዬን በጥርጣሬ እያየች። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ሌባ ልይዝ ነበር፤ የያዝኩት ራሴን ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ደብዳቤውንም አውጥቼ ሰጠኋት። ይቅርታ ስጠይቃት ሳቅ ብላ የምታልፈው መስሎኝ ነበር። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«ሪፖርቱን አስተካክላለሁ» አልኳት። «ታፔላው ላይም ስምሽ ይገባል።»

ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሐሙስ እንግዶቹ ፊት እርስዎ ስሜን ሲጠሩ ልስማ» አለች። «ደብዳቤውን ያኔ እመልስልዎታለሁ።»