አንብበህ መልስ

የታሰርኩት ምላጭ በእጄ ይዤ፣ የደንበኛዬን ግማሽ ፂም ላጭቼ ሳልጨርስ ነው። አራት ሰዎች ፀጉር ቤቴ ገቡና ከመስታወቱ ሥር የደረደርኳቸውን መጻሕፍት በሙሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱ።

«ሰው ፀጉር ቤትህ የሚሰበሰበው ለምንድነው?» አለኝ መርማሪው።

«ተራው እስኪደርስ ያነባል። የወደደውን ቤቱ ይወስዳል።»

«ለፈተና ነው?»

«ፊደል የጀመረ ሕፃንም ጡረተኛም ያነባል። ደስ ስለሚላቸው ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እውነቱን ነበር የነገርኩት፤ ሲጠየቁ ግን እውነትም ውሸት ይመስላል።

የገባሁበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከቀትር በኋላ ግድግዳው አያስደግፍም፣ ያቃጥላል። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ሱማሌ ባለሱቅ ነበር፤ ደጃፍህ ላይ ሰው ተሰብስቧል ተብሎ ነው የገባው። ሁላችንም አዴር እንለዋለን፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ስለማናውቅ አዴርንም አንተ ነበር የምንለው።

መጽሐፍም ወረቀትም ክልክል ነው። በር ላይ ሲፈተሽ ከቤት የመጣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሩዝ በእንጨት ይማሰላል። የአዴር ሚስት ከቀፊራ ገበያ የምትገዛው ኦቾሎኒ ግን በተጠቀለለበት ወረቀት ይገባል። ጠባቂው ኦቾሎኒውን መዳፉ ላይ አፍስሶ ያይና መልሶ ይጨምረዋል። ጥቅሉ ራሱ ወረቀት መሆኑ ትዝ ያለው የለም።

አንድ ቀን ኦቾሎኒው ሲያልቅ ፊቴን ላራግብበት ወረቀቱን ዘረጋሁት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ማኅተም አለ፦ አንብበህ መልስ። እኔ ያስቀረጽኩት፣ በየመጽሐፉ ገጽ ላይ የመታሁት ማኅተም ነው። ማራገቡን ትቼ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት። መጻሕፍቴ በማስረጃነት ተቆልፎባቸው ተቀምጠዋል ብዬ፣ ዳኛ ፊት ስለ እነሱ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር የከረምኩት። ለካ እየተገነጠሉ ቀፊራ ላይ ኦቾሎኒ ይጠቀለልባቸዋል። ማን አውጥቶ እንደሰጣቸው እስከዛሬ አላውቅም።

«ምን ሆንክ አቦ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለ አዴር።

«የእኔ መጽሐፍ ነው።»

ተቀብሎ አገላበጠው። «እኔ ለንግድ ፈቃድ ካልሆነ ወረቀት አንብቤ አላውቅም ወላሂ። ምን ይላል?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩለት። ወንድሟን ፍለጋ በባቡር የመጣች ሴት ጣቢያው ላይ ብቻዋን ቀርታለች። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ገጹ አለቀ።

«ከዚያስ?»

«መጨረሻውን አውቀዋለሁ፣ ልንገርህ።»

«ተው! እንዳትነግረኝ። ይመጣል።»

ሚስቱን ከዚያችው ሻጭ ብቻ እንድትገዛ አዘዛት። የመጽሐፉ ቅጠል እየዘለለ ይመጣል፤ የጎደለውን እኔ በቃል እሞላለሁ፣ ገና ያልደረስንበትን ግን አያስነካኝም። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ራሱ ያነብ ጀመር። ሴትየዋ ስትታለል ይሰድባታል። ያነበበውን ሁሉ ምንጣፉ ሥር አስተካክሎ ያስቀምጣል። በሰባ ዓመቱ ጨዋታ የጀመረ ሰው ሳይ፣ መታሰሬን የምረሳባቸው ሰዓታት ነበሩ።

እኔ ስፈታ ሴትየዋ ወንድሟን ገና አላገኘችም ነበር። አዴር እዚያው ቀረ። ደጅ ድረስ በዓይኑ ሸኘኝ፤ አንድ ቃል ብናገር መጨረሻውን ያውቅ ነበር። አልጠየቀኝም።

ቤቴ አልሄድኩም፣ በባጃጅ ቀጥታ ቀፊራ ወረድኩ። ሻጯን አገኘኋት። ከመጽሐፉ የተረፈው ጥቂት ቅጠል ድንጋይ ተጭኖበት አጠገቧ ተቀምጧል።

«ኦቾሎኒውን በታችኛው ወረቀት ጠቅልይልኝ» አልኳት።

«ከላይ ያለው ምን ሆነ? ያው ወረቀት አይደል?»

«ለታመመ ሰው ነው፣ አቧራ ያልነካው ይሁን» ብዬ ዋሸኋት። ጥቅሉን ለአዴር ሚስት ሰጠሁ፤ በማግስቱ ገባለት።

ከወራት በኋላ አዴር ፀጉር ቤቴ መጣ። ከስቷል። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ከሽርጡ እጥፋት አንድ ጥራዝ አወጣ፤ ዘይት የጠጡ ቅጠሎች፣ በማዳበሪያ ከረጢት ክር የተሰፉ። የመጨረሻው ገጽ በቦታው አለ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

ጣቱን ማኅተሙ ላይ አሳረፈ። «መልስ ይላል አይደል?»

ከተወሰዱብኝ መጻሕፍት የተመለሰልኝ ይህ ብቻ ነው። ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይሸታል፤ መሃሉ ስለጎደለ፣ የሚዋሰው ሰው ሁሉ የቀረውን ሊጠይቅ ወደ አዴር ሱቅ ይሄዳል። አዴር የጎደለውን ይሞላል። መጨረሻውን ግን ለማንም አይናገርም።