አረንጓዴና ቀይ የሚያበራው የእንሰት ጭማቂ

ከጓሮዬ ሁለት የእንሰት ችግኝ ነቅዬ፣ አንዱን ጤነኛ፣ አንዱን በሽታ የጀመረውን፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ዲላ ወረድኩ። ባጃጁ ባነጠረን ቁጥር እቅፍ አድርጌ ስይዛቸው ሾፌሩ፣ «እማማ፣ ልጅ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ከልጅም በላይ!» አልኩት። እውነቴን ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን የልጅ ልጄን አስተማሪዋ፣ «ክርሽ ዛሬም መለየት ካቃተው የምርምር ርዕስ ትቀይሪያለሽ» ብሏታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ወላጁን የሚመስልበት ዲኤንኤ የሚሉት ክር አለ፤ ዓይን አያየውም። እሷ ያንን ክር አጣጥፋ እንደ ስፌት ቅርጽ ታወጣለታለች። ደግሞ ከምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚወለዱ ቁጡ ነገሮች አሉ፤ ሰውም ተክልም ሲታመም ይበዛሉ። አንደኛው ቁስል ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚደፍቀው መድኃኒት ነው። ሌላው የባሰበት፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል። ክሩ የመጀመሪያውን ሲያገኝ አረንጓዴ፣ ሁለተኛውን ሲያገኝ ቀይ ማብራት አለበት።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ቢላዋዋን በአልኮል ኩራዝ አሳልፋ ከጤነኛው ቅጠል ቆረጠች፤ እንደገና አሳልፋ ከታመመው። እኛ ዘንድ ቢላዋ እሳት ሳይነካ ከእንሰት ወደ እንሰት አይሻገርም፤ በሽታውን ይዞ ይዞራላ! ጎሽ፣ አልኩ በሆዴ። ጭማቂውን ከክሩ ጋር ቀላቅላ ብርሃኑን በሚያሳየው መሣሪያ ውስጥ ከተተችው። ሁለቱም አረንጓዴም ቀይም አበሩ። ጤነኛውም!

«አየሽ?» አለ አስተማሪው። «ሁሉንም አንድ አደረገው።»

እሷ የተረፈውን ቅጠል አገላበጠችው። ጠርዙ ተለብልቧል።

«እማዬ! ቢላዋው ሳይበርድ ነው የቆረጥኩት። አቃጥዬዋለሁ እኮ!»

«እኔም ጓሮ ውስጥ እንደዚሁ ነው የማደርገው።»

«ጓሮ ውስጥ ማን ቀለም ጠየቀሽ?»

እንደገና ጀመረች። አሁን ቢላዋው እስኪበርድ ጠበቅን። እኔ መታገሥ አቅቶኝ ጎንበስ ስል፣ «እፍ እንዳትዪበት!» ብላ ጮኸችብኝ።

ከዚያ ውጤቱ የመሣሪያው ማሳያ ላይ ወጣ። ጤነኛው አረንጓዴ ጭላንጭል ብቻ። የታመመው አረንጓዴው ቦግ አለ፣ ቀይ የለም። የመጀመሪያው፣ የተለበለበው ግን አሁንም ሁለቱንም እያበራ ነው!

አስተማሪው አፍንጫው ማሳያውን እስኪነካ ተጠጋ። «ለየው! የተቃጠለውን ከታመመው ለየው! በይ፣ ርዕስሽን ያዢ።»

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«እማዬ፣ ቤተ ሙከራ ነው!»

«ታዲያ ቤተ ሙከራ ደስታ አያውቅም?» አልኳትና ደገምኩት።