ሳይከፈት የቀረው የልጆች የምርጫ ሣጥን

ልጆቹ ድምፅ የሰጡበት ሣጥን ዛሬ ሳይከፈት ቀረ። ቤት ገብቼ ይህን ስጽፍም ንዴቴ አልበረደም።

እዚሁ ልደታ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ሞዴል ፓርላማ ምርጫ ነበር። የልጅ ልጄ ሜሮን ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ተወዳድራለች። ልጆቹ ተሰልፈው መረጡ።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ፣ «የክብር እንግዳችን ስለሚቸኩሉ ቆጠራውን ትተን በጭብጨባ እናጽድቀው» አለና እሱ የሚፈልገውን ልጅ ስም ጠራ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እኔ እጄን አጣጥፌ «ሣጥኑን ክፈቱት» አልኩ።

«አባቴ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ።

«ጨዋታ ከሆነ በሕጉ ተጫወቱት» አልኩት።

ለእንግዳው ለስላሳ ለመክፈት ግን ጊዜ ነበራቸው።

ወደ ሰፈራችን ወደ አብነት ስንመለስ ሜሮንን «አንቺም ስታጨበጭቢ አይቼሻለሁ» አልኳት።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ሁሉም አጨበጨበ» አለችኝ።

ከርዕሰ መምህሩ ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው። ማሸነፏን መሸነፏን እንኳ ሳታውቅ ለሌላ ሰው ሹመት አጨበጨበች።

እናንተስ ሳታምኑበት ያጨበጨባችሁት የት ነው? ጻፉልኝ። ላይክ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉ፤ እሱም ጭብጨባ ነው።