የኡባሕ ጣት

አምበሮ የፖሊዮ ጠብታ ስትሰጥ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። የምሬን ነው፣ የከተማችንን የቡርኦን አቧራ እሷን ያህል የረገጠ የለም። ጠብታው ያለበትን የበረዶ ሳጥን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ የሕፃናቱን አፍ የምታስከፍተው እሷ ናት። ጠብታውን የወሰደ ልጅ የግራ እጁ ትንሿ ጣት በማይለቅ ቀለም ትቀባለች። የተቀባ ካየን እናልፋለን።

ጣጣው የመጣው በዚሁ ቀለም ነው። ለምርጫም ጣታችንን የምንቀባው እንደዚሁ ስለሆነ፣ ድምፅ መስጫው በተቃረበ ቁጥር በር ይዘጋብናል።

«አክስቴ አምበሮ፣ ጡት ያልጣለ ልጄን ለመንግሥት ልታስመርጪው ነው?» ይላል አንዱ አባት።

«የፈለገውን ይምረጥ፣ እኔ አፉን ብቻ ይክፈትልኝ» ትላለች አምበሮ። ይሳቃል፤ በሩ ግን አይከፈትም።

ሌላው ደግሞ ከመስጊድ ደጃፍ የሰማውን ያመጣል፦ ጠብታው ማህፀን ያደርቃል፣ የፈረንጅ ተንኮል ነው፣ ጤና የአላህ ነው። «እግር የሰጠን አላህ ጠብታውንም ሰጠን» ትላለች አምበሮ። ታናሽ ወንድሟ በፖሊዮ ሽባ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ በመዳፉ እየዳኸ ነው የሞተው። እኔን የሚያበግነኝ ግን፣ ያው ሰውዬ ራሱን ሲያመው ለክኒን ሲሮጥ ማየቴ ነው። ያኔ ፈረንጅ ትዝ አይለውም።

የአምበሮ የልጇ ባል ዋርሳሜ የተቃዋሚው ፓርቲ ቀስቃሽ ነው፤ ሃይማኖቱንም ጠበቅ ያደርጋል። ለእሱ መንግሥት የነካው ነገር ሁሉ መርዝ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ አማትና አማች ፊት ለፊት አይከራከሩም፣ ነውር ነው። አምበሮ ተስፋዋን የጣለችው በልጇ በኢፍራሕ ላይ ነበር። በየዘመቻው የልጅ ልጇን የኡባሕን ጣት ተቀብቶ እናገኘዋለን። ኢፍራሕ «ጤና ጣቢያ ወስጃት ነው» ትላለች፤ አምበሮ ደስ ይላታል።

ባለፈውም ጣቷ ጠቁሮ አገኘነው። ኢፍራሕ ምሳ ብሉ ብላ ሩዝና የፍየል ሥጋ አቀረበች። አምበሮ ኡባሕን ታቅፋ እጇን ስታጥባት ውሃው ጠቆረ፣ ጣቷም ነጻ። ኩል ነበር።

አምበሮ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ» አለቻት፤ እናት ልጇን በራሷ መጠሪያ ነው የምትጠራው እኛ ዘንድ። «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የኳልሻት?»

«ሁልጊዜ» አለች ኢፍራሕ አንገቷን ደፍታ። «ዋርሳሜ ጠብታውን ካስወሰድሻት ከቤቴ ትወጫለሽ ብሎኛል። አንቺንም ማሳዘን አልፈለግኩም።»

«የአጎትሽን መዳፍ ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።»

በቃ ጠብታውን እንስጣት ብዬ በዓይኔ ጠቀስኳት። አምበሮ ራሷን ነቀነቀች። «በግድ ከሰጠሁማ የሚያሙን እውነታቸውን ነው» አለች። «እናቴ፣ እሺ ካልሽ እሰጣታለሁ። እንቢ ካልሽ ሳጥናችንን ይዘን እንሄዳለን።»

ኢፍራሕ ወደ ልጇ ተጠጋች። ከዚያ የልጇን ጉንጭ በራሷ ጣቶች ጫን አድርጋ አፏን ከፈተችላት። አምበሮ ጠብታውን ሰጠቻት።

የቀለሙን እስክሪብቶ ስከፍት አምበሮ እጄን ያዘችኝ። «ተይው። ይሄኛው በውሃ አይለቅም። ቤቷን ልታፈርሺ ነው?»

ስለዚህ ኡባሕ ጠብታውን ወስዳ ጣቷ ሳይቀባ ቀረ። ኢፍራሕም ከዚያ ወዲያ መኳሉ አስጠላት። በማግስቱ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ባዶውን ጣት ሲያዩ በሯ ላይ በጠመኔ «እንቢ ብለዋል» ብለው ጻፉ። ዋርሳሜ ጽሑፉን ለጎረቤት እያሳየ ኮራበት አሉ።

አሁን በየሰፈሩ የሚጠብቀን ይኸው ወሬ ነው። ሰሞኑን ሁልጊዜ ትከፍትልን የነበረች ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ ያዘችው። ከኋላዋ አራስ ልጅ ያለቅሳል።

«የገዛ ልጅሽ እንቢ ያለችሽን ለእኔ ልጅ ታመጪያለሽ?» አለቻት።

 አምበሮ እውነቱን ብትናገር ያ በር ይከፈት ነበር። አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ገጠመችው። ሴትዮዋ ዘጋችው፤ እኔም ሳጥኑን አነሳሁ።