የባንቺአየሁ ቋትና የአያ ያረጋል በሬ

ባንቺአየሁን ቡሬ ላይ የማያውቃት የለም፤ ካለም ከብት የሌለው ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም ናት። እኔ ደስታው ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ገጠር ስትወጣ የማደርሳት እኔው ነኝ። ከእኔ በላይ አውቃታለሁ የሚል ካለ ይዋሻል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ እንደኖረች ልንገራችሁ። ገበሬ ደውሎ የሚጠይቀው፣ በአማርኛ የሚመልስ ማሽን መጣልን። ማሽኑ ከራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ጥያቄ ሲመጣለት የእውቀት ቋት የሚሉትን ይፈትሽና ለጥያቄው ይቀርባል ያለውን ጽሑፍ መዝዞ ይናገራል። ያንን ቋት የሞላችው ባንቺአየሁ ናት፤ ስለ ከብት በሽታ የተጻፈ ሁሉ እየለቀመች፣ እያረመች ከተተችበት። ሰዉም ማሽኑን «የባንቺ ልጅ» አለው። እኔም እንደዚያው እያልኩ አበሽቃት ነበር።

እሷ ግን ልጅ የተባለውን ትፈራዋለች። «ደስታው፣ ይሄ ነገር አላውቅም ማለት አይወድም» ትለኛለች። ሰው ምን እንደጠየቀ፣ ማሽኑም የቱን ጽሑፍ እንዳወጣ ሳታይ ቁርስ አትቀምስም። «ኧረ ባክሽ! ለማሽን ደግሞ ሞግዚት?» እያልኩ እስቅባት ነበር።

የቅበላ ቅዳሜ እናቴ ና ብላኝ በሽንዲ መንገድ ወደ መንደራችን ስወጣ፣ እሷም የምትከትባቸው ከብቶች ስለነበሩ አብራኝ ተሳፈረች። እየሄድን ስልኳን ስታነብ ቆይታ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። የወደቀች መስሎኝ ፍሬን ያዝኩ።

ለካስ የእናቴ ጎረቤት አያ ያረጋል ማለዳ ደውለዋል። «በሬዬ ሆዱ ተነፍቶ ወድቋል፤ ሳይሞት ብናርደው ይበላል?» ብለዋል። ማሽኑም ስለ ሆድ መነፋት የተጻፈውን አውጥቶ «ቶሎ ከታረደ ይበላል» ብሏቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ስልክ ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ጠይቀዋል፤ «ከበሬ አፍንጫ የወጣ ጥቁር ደም የቆሰለ እጅ ቢነካ ምን ያደርጋል?» ለእሳቸው ደግሞ ታጠቡ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ ተብሏል።

«ለየብቻ ሲታይ ሁለቱም መልስ ልክ ነው» አለች ባንቺአየሁ። «በሬው ግን አንድ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጥቁር ደም በአፍንጫው ከወጣ አባ ሰንጋ ነው፣ ደስታው! ሥጋውን የቀመሰ ያልቃል!»

በእኛ አገር የሰው በሬ ሲታመም ሳይሞት ቢላ ይደርስለታል፤ ጎረቤት ከፍሎ ይቃረጥለትና ባለቤቱ በገንዘቡ ሌላ በሬ ያቆማል። ደግ ልማድ ነው። ደም ፈሶታል ከተባለ ግን ማን ይቃረጣል? አያ ያረጋል የደሙን ነገር ዋጡት። እትዬ አልጣሽም ባላቸውን ሰው ፊት ላለማዋረድ ተደብቀው ጠየቁ። እናቴ ደግሞ ከቅርጫ ቀርታ አታውቅም፤ ለጥሬ ሥጋ ነፍሷ ናት። ይሄን ሳስብ ባጃጇን እስከ መጨረሻ አስጮህኳት።

ደወልን፣ ደወልን፤ ያለንበት ሸለቆ ኔትወርክ የለውም። ባጃጇ አለመገልበጧ የመድኃኔ ዓለም ሥራ ነው።

ስንደርስ ሥጋው ቅጠል ላይ ተመድቦ፣ ገሚሱ ሰው ድርሻውን ይዞ ሄዷል። «እንዳትነኩት! አባ ሰንጋ ነው!» ብላ ባንቺአየሁ ወረደች። አያ ያረጋል ዱላቸውን አነሡ። «ምን አልሽ? የገዛ ልጅሽ ነው እኮ የፈቀደልኝ!» አሉና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ያንኑ ጥያቄ ደገሙለት። ማሽኑም ረጋ ብሎ «ቶሎ ከታረደ ይበላል» አለ። ሰዉ እሷን ትቶ ስልኩን አመነ፤ አንዱ እንዲያውም ድርሻውን ወደ ትከሻው አነሣ። ያን ጊዜ እናቴን በሰዉ መሃል ብፈልጋት አጣኋት።

እትዬ አልጣሽ እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው በሩ ላይ ቆመዋል። ባንቺአየሁ አየቻቸው። የጠየቃችሁትን ሰው ፊት አላወጣም ብላ ለመንደሩ ሴቶች ምላላቸዋለች፤ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «እትዬ አልጣሽ፣ በእመ ብርሃን!» አለች ብቻ።

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመሩ። ነጠላውን ፈትተው «ደም ፈሶታል። እኔ ነኝ የጠረግሁት» አሉ። አያ ያረጋል መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሥጋ የያዘ ሁሉ ከእጁ ጣለ፤ ጎረምሶችም ይዘው የሄዱት ሳይበሉት ለመድረስ በየቤቱ ሮጡ።

እኔ ወደ እናቴ ቤት በረርኩ። እማዬ በርጩማዋ ላይ ሆና ጥሬውን በአዋዜ አጥቅሳ ወደ አፏ ስትወስድ ደረስኩ። እጇን መታሁት። በሕይወቴ በእናቴ ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም።

«ደስታው፣ መታኸኝ?» አለችኝ።

«ቀምሰሻል?»

«አንድ ጉርሻ ብቻ። ስልኩ ይበላል ብሏል እኮ፣ ልጄ።»

እናቴንና እትዬ አልጣሽን ጭኜ ወደ ቡሬ በረርኩ። ባንቺአየሁ መሃላቸው ተቀምጣ «አይዟችሁ» ትላለች። መድኃኒቱ ደረሰላቸው፤ ሁለቱም ዳኑ፤ ከእማዬ ሌላ የቀመሰም አልተገኘም። አያ ያረጋልም ዘንድሮ የሚያርሱት ጎረቤት በተራ በሚያውሳቸው በሬ ነው።

አሁን በሬ ታመመ የሚል ጥያቄ ሁሉ ማሽኑ ከመመለሱ በፊት ባንቺአየሁ ጋ ይደርሳል። ያም ሆኖ ፍርሃቷ አልለቀቃትም። «የጠየቁትን አነባለሁ፤ የዋጡትን ከየት አነባለሁ?» ትለኛለች። ድሮ እስቅባት ነበር፤ አሁን ግን አንብባ እስክትጨርስ ባጃጄን አላስነሣም።

እማዬም ሥጋ ወደ አፏ ከማስጠጋቷ በፊት መጀመሪያ የምታየው የእኔን እጅ ነው።