የኪዳነወልድ ጆሮና የኮንጋው ዋንዛ

ኪዳነወልድ በሃምሳ አራት ዓመቱ ጆሮውን ሊያስመረምር ከዲላ ሐዋሳ ሄደ። ሐኪሟ ሁለቱንም ጆሮውን በመብራት አይታ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ በየተራ ካሰማችው በኋላ መሣሪያዋን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ይሻላል። ለመሆኑ ማን ነው ሂድ ያለዎት?»

«ጓደኛዬ» አላት።

ሚኒባሱ ውስጥ ሆኖ ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር። ጆሮው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የስፒከሩ ሳጥን ስሌት ላይ ነው፤ ስሌት ደግሞ ይታረማል። ሦስተኛ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ አላሰበም።

ኪዳነወልድ የፊዚክስ መምህር ነው። አባቱ ከሰሜን ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ፤ እሱ ግን ዲላ ተወልዶ እዚያው አድጓል። በዐቢይ ጾም አባቱ ማታ ማታ በገና ይደረድሩ ነበር። ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው አንድ ካሴት ሙሉ ቀዳቸው። ከዚያ ወዲህ የሚመኘው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያንን በገና አባቱ ፊቱ ተቀምጠው እንደሚደረድሩት አድርጎ መስማት። በቴፑ ሰማው፤ የታፈነ ነው። በስልክ አስገልብጦ ሰማው፤ ትንኝ ሆነበት። ሱቅ ሄዶ ትልቁን ስፒከር ሞከረው፤ የአባቱን ጸሎት ሠርግ ቤት አደረገበት። ስለዚህ ራሱ ሊሠራ ተነሣ።

ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ለዚሁ ለየ። ለወፍራሙ ድምፅ ባለ ስምንት ኢንች ስፒከር፣ ለቀጭኑ ትንንሽ ትዊተር ከመርካቶ አስመጣ። ሳጥኑን ከቺፑድ ሥራው ያሉትን አልሰማም፤ የዲላ እርጥበት ቺፑድን እንደ ዳቦ እንደሚያሳብጠው ያውቃል። እንጨቱ ዋንዛ ይሆናል፤ ውስጡ የሚጠቀጠቀው ደግሞ የእንሰት ቃጫ። ባለቤቱ የትምወርቅ የሳጥኖቹን ንድፍ ወረቀት ላይ አይታ፣ «ሁለት ሬሳ ሳጥን! አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ መሆኑ ነው?» ብላ ሳቀችበት።

ዋንዛውን የሰጡት እማማ ማሚቱ ናቸው። ኪዳነወልድ መምህር ሆኖ መጀመሪያ የተመደበው ኮንጋ ነበር፤ ሁለት ዓመት በእሳቸው ግቢ ኖሯል። ከስድስት ዓመት በፊት ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ የቡናቸው ጥላ የነበረ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ተገንድሶ አገኘው።

«እኔ ለቡናዬ ጥላ የሆነውን ዛፍ አላስቆርጥም» አሉት። «ይሄ ግን ራሱ ወደቀ። ያንተ ነው፤ ውሰድ።»

አሰንጥቆ ዲላ ሊያወርደው ሲል ከለከሉት። «እዚያ ነቀዝ ይጨርሰዋል። እዚሁ ከምድጃዬ በላይ ቆጡ ላይ ይቀመጥ፤ ጭሱ ያደርቅልሃል። አትቸኩል፣ ልጄ።»

አልቸኮለም። ስድስት ዓመት ጠበቀ። ባለፈው ኅዳር ጣውላዎቹን በአይሱዙ አውርዶ በቀጥታ አናጢው ጓደኛው ጉግሳ ወርክሾፕ አስገባቸው። ደንበኛ ሁሉ የራሱን እንጨት ይዞ የሚመጣበት ወርክሾፕ ነው። ሌላው ሰው ጣውላው ላይ በቀለም ስሙን ይጽፋል፤ ኪዳነወልድ አልጻፈም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት አንድ ዴስክ ላይ ለተቀመጠ ሰው ስም መጻፍ ስድብ መሰለው።

ጉግሳ ሳጥኖቹን በጥር መጨረሻ አስረከበ። ጥቁር ቡናማ ቫርኒሽ ተቀብተው ሲያብረቀርቁ የትምወርቅ እንኳን መቀለዷን ተወች። የመጀመሪያው ቀን ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ኪዳነወልድ አለቀሰ፤ ጉግሳም አብሮት ዓይኑን ጠረገ። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ግን፣ ወፍራሙ አውታር በተመታ ቁጥር ከግራው ሳጥን አንድ ፍጭት ይሰማ ጀመር።

«ሰማኸው?»

«ምኑን?»

«ይነዝራል እኮ!»

«ቲቸር፣ በገና ነው! በገና ካልነዘረ ምን ሊያደርግ ነው?»

«የአባቴን በገና አጥቼው ነው? የሱ ንዝረት ከአውታሩ ነው። ይሄ ከጎን ይመጣል።»

ጉግሳ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያዘነ ሰው መልክ ነበር። «እውነቱን ልንገርህ? እኔ ምንም አይሰማኝም። ዕድሜ ነው፣ ወንድሜ። የኔ ዓይን ሚሊሜትር ማንበብ ካቆመ ስንት ጊዜው! አንተ ደግሞ ጆሮህ ነው። ሐኪም አሳየው።»

እንዲህ እያሉ ሰባት እሑድ አለፉ። ጉግሳ ከቅዳሴ መልስ ይመጣል፤ ሽሮ አብረው ይበላሉ፤ ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ገብተው ፍጭቱን ይፈልጋሉ። ሽቦ ቀየሩ። ብሎን አጠበቁ። ኪዳነወልድ የሳጥኑን ስፋት እንደገና አሰላ፤ ሦስት ደብተር ጨረሰ። ክፍል ውስጥም ተማሪ ሲጠይቀው «እ? ምን አልክ?» ማለት ለመደ። በመጨረሻ ሐዋሳ ሄደ።

በማግስቱ ሳጥኑን ከውስጥ በአግዳሚ ሊያጠናክረው አሰበ። ስፒከሩን ፈታ፣ ቃጫውን አወጣ፣ እጁን አስገብቶ የጀርባውን ጣውላ በድሪል ወጋው። የወጣው ብናኝ ነጣ ያለና እርጥብ ነበር፤ ድሪሉ ጫፍ ላይ እንደ ሊጥ ተጣበቀ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ይሸታል። ደግሞ አሸተተው። ስድስት ዓመት የእማማ ማሚቱ ምድጃ ሲያጥነው የኖረው ዋንዛ ሲወርድ፣ ሽታው የአይሱዙውን ሹፌር ሲያስነጥሰው ነበር የዋለው። ይሄኛው ጭስ የሚባል ነገር አያውቅም። በጣቱ መጋጠሚያውን ዳበሰ። እርጥቡ እንጨት በበጋው ደርቆ ሲኮማተር የምላጭ ጠርዝ ያህል ተከፍቷል።

ያን ጊዜ ጥር ላይ የሆነው ትዝ አለው። የጉግሳ ልጅ ፍሬ ስትዳር አባቷ የሠራላትን ባለ ሦስት መዝጊያ ቁም ሳጥን አይሱዙ ላይ ከጫኑት አንዱ እሱ ነበር። በመዳፉ ደባብሶት፣ «ይሄን የመሰለ ዋንዛ ከየት አገኘህ?» ብሎ ጠይቋል። «ከቡሌ አስመጣሁ» ነበር መልሱ። ማታ የትምወርቅ ኮቱን ተቀብላ፣ «ምድጃ ውስጥ ነው እንዴ የዋልከው?» ስትለው፣ የድግሱ ወጥ የተሠራበት ጭስ ነው ብሎ አለፈው።

እሑድ ጉግሳ መጣ። ቁጭ ከማለቱ ኪዳነወልድ ብናኙን በወረቀት አቀረበለት። «አሽትተው።»

ጉግሳ አላሸተተውም። አይቶ ወረቀቱን አጠፈው።

«ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር» አለ ኪዳነወልድ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ።» ጉግሳ መሬት መሬት ያያል። «ሠርጉ ደርሷል፤ ደረቅ እንጨት የለም። አንተን ብጠይቅ ትሰጠኛለህ፤ ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ የልጄ ዕቃ የቲቸር ችሮታ ነው። ሌላ ዋንዛ ገዝቼ ሠራሁልህ፤ አንድ ነው ብዬ።»

«እሺ፣ እንጨቱስ ይሁን። ጆሮዬስ?»

ጉግሳ ያጠፈውን ወረቀት ደግሞ አጠፈው።

«ሰባት እሑድ ማዕዴ ላይ ተቀምጠህ እብድ አደረግከኝ እኮ! ሐዋሳ ስሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተኸኛል። ‹አይዞህ› ብለኸኛል፣ ጉግሳ።»

«ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስል...» ጉግሳ ተነሣ። «ቁም ሳጥኑን አስመልሼ ልስጥህ።»

«የልጅቷን ቤት እንዳትነካ! እሷ ምን በደለች?» ጮኾ አያውቅም ነበር፤ የትምወርቅ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ጉግሳ በአጠገቧ አልፎ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይላት ወጣ።

ኪዳነወልድ በዚያው ሳምንት ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ሞልቶ፣ በማሰሪያ ሦስት ቀን አጥብቆ አቆየው። በሕማማት ዋዜማ ካሴቱን ከፈተ። የአባቱ ጣት ወፍራሙን አውታር መታ። የትምወርቅን ጠርቶ ከአጠገቡ አስቀመጣት።

«ይነዝራል?»

«አይነዝርም።»

«ደህና አድርገሽ ስሚ።»

«ኪዳኔ፣ ጥርት ብሏል! አባባ ራሳቸው ናቸው።»

ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና ያንኑ ቦታ እንደገና ከፈተ። ፍጭት የለም። ወይም ያለ መሰለው። በፊት ቢሆን ጆሮው የነገረውን ያምን ነበር፤ አሁን የሚስቱን ፊት፣ አፏን፣ ዓይኗን እየተመለከተ ልታጽናናው ብላ እንደሆነ ይመረምራል። በገናው ፊቱ ይደረደራል፤ እሱ የሚሰማው እሷን ነው።

«እውነትሽን ነው?» አላት።