ዘመድ የሌላት የቦርድ አባል

ሰው ባለው ይሾማል እንጂ በሌለው ሲሾም አልተሰማም። እትዬ ይደገም ግን የተሾመችው በሌላት ነገር ነው።

ጡረታ በወጣች ሰሞን አንድ ጠበቃ ቤቷ ድረስ መጣ። የዶሮ ክትባት ለሚያመርት የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል እየፈለገ ነበር። እሷ ግማሽ ዕድሜዋን የደም ምርመራ ላቦራቶሪ ስትመራ እንደኖረች ሰምቷል። ደንቡ ከአባላቱ አንዱ ከኩባንያው ጋር ምንም ንክኪ የሌለው ነፃ አባል እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። እዚያ የሚሠራ ወንድም፣ እህት፣ የአክስት ልጅ? የለኝም። ባል? የለኝም። ልጅ፣ አማች፣ ምራት? የለኝም። ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የልብ ወዳጅ? የለኝም። ጠበቃው በእያንዳንዱ "የለኝም" ፊቱ እየበራ ሄደ። እሷ በበኩሏ በሌላት ነገር ሰው እንዲህ ሲደሰት በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ሲወጣ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ከየት ይገኛል አላት። በሩን ዘግታ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ሙገሳ ይሁን ስድብ ስታብላላው ዋለች።

"ይደገም" ስሟ አይደለም፤ የላቦራቶሪው ልጆች ያወጡላት ቅጽል ነው። የምርመራ ውጤት ይዘው ሲመጡ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው "ይደገም" ትላለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ውጤቱ ከክፍሉ አይወጣም። ሐኪም ቢቆጣ፣ አስታማሚ ቢያለቅስ፣ አለቃ ቢደውል ያው ነው። ልጆቹ ሻይ ላይ ሲቀመጡ፣ እትዬ ሳታገባ የቀረችው የጠየቃትን ሰውዬ "ይደገም" ብላው በዚያው ስለጠፋ ነው እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ሰምታለች። እውነቱም ከቀልዱ እምብዛም የራቀ አልነበረም፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ አለፈችው።

የቦርዱ ሰዎች ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ናቸው። ሰብሳቢው ባንክ ቤት ያረጀ ሰው ነው፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ "ስጋት" ብሎ ይጠራዋል። ፕሮፌሰሩ ስለ አንድ ቫይረስ ሲጠየቅ ከፍጥረት መጀመሪያ ይነሣና የተጠየቀው ቫይረስ ዘንድ ሳይደርስ ሻይ ይመጣል። የዶሮ እርባታ ባለቤቱ ሥራውን ጓሮው ውስጥ የጀመረ ነው። ከመካከላቸው ዶሮን በቅርብ የሚያውቃት እሱ ብቻ ቢሆንም፣ የሚበዛውን ስብሰባ በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። ያ ጠበቃም አለ።

በየዓመቱ በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ የቦርዱ ጸሐፊ ቆማ የየአባሉን የኋላ ታሪክ ታነባለች። የት እንደተማረ፣ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደተሾመ ትልና መጨረሻ ላይ ቤተሰቡን ታነሣለች፤ የአራት ልጆች አባት፣ የመንታ የልጅ ልጆች አያት። አዳራሹ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። የእትዬ ታሪክ ግን ላቦራቶሪው በር ላይ ያልቃል። ጸሐፊዋ ደግ ልጅ ናት፤ ጎዶሎውን ለመሙላት "ነፃ የቦርድ አባል" የሚለውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች። ይጨበጨባል። እትዬ መሬት መሬት ታያለች።

ቢሆንም ያቺን ወንበር ትወዳት ነበር። ምን ሌላ አላት? ቤቷ ውስጥ ስልክ የሚጮኸው ወይ ጸሐፊዋ ስትደውል ነው፣ ወይ ሰው ቁጥር ሲሳሳት ነው፤ የተሳሳተውንም ቶሎ አትዘጋበትም። ስብሰባ ሲቃረብ ቀሚሷን ቀደም ብላ ትተኩሳለች። ሌሎቹ መኪና ውስጥ ገለጥ ገለጥ የሚያደርጉትን ሰነድ እስከ መጨረሻው ገጽ ታነባለች። በሻይ ሰዓት ሰብሳቢው የልጅ ልጆቹን ፎቶ ከስልኩ ሲያሳይ፣ ሰዉ አንዱን አይቶ ወደ ብስኩቱ ይሄዳል፤ እሷ ሁሉንም ታያለች። የትኛዋ ጥርሷን እንደቀየረች፣ የትኛው ዋና እንደሚፈራ ታውቃለች። ቤቷ ስትገባ የምታወራው ሞልቷታል፤ የጠፋው የምታወራለት ነው።

ስብሰባው የሚከፈተው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው። ሰብሳቢው አጀንዳውን ያነብና፣ ከተያዘው ጉዳይ ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለው ካለ ይናገር ይላል። ከዚያ በጠረጴዛው ዙሪያ አንድ በአንድ ይመልሳሉ። የለኝም፣ የለኝም፣ የለኝም። ሌሎቹ እያሳሉም ውሃ እየቀዱም ይሉታል። እሷን ግን ቃሉ በወጣ ቁጥር አንዲት ሴት ትዝ ትላታለች።

እህት ነበረቻት፤ አንዲት ታናሽ። እናታቸው የታመመች ጊዜ እህትየዋ አግብታ ሩቅ ከተማ ትኖር ነበር። እትዬ የእናቷን ደም በገዛ እጇ መረመረች፤ ውጤቱ ክፉ ነው። ያን ቀን መደወል ነበረባት። እሷ ግን ሳላረጋግጥ ልጅቷን በከንቱ አላስደነግጥም አለችና እንደ ልማዷ አስደገመች። ሁለተኛው ውጤት ሳይደርስ እናትየዋ አረፈች። እህትየዋ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው። ግቢው መሃል ቆማ፣ እንባ እንኳ ሳይወጣት፣ ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም ብላ ሄደች። እትዬ ደጋግማ ደወለች፤ ሰው ላከች፤ መልስ የለም። ቆይቶ ስልኩም ተቀየረ፣ ቤቱም ተለቀቀ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? የእነሱም ዝምታ ሳይነቅዝ ዓመት በዓመት ላይ ተከመረ። እህቷ በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳ የሚነግራት ጠፋ።

አንድ ጊዜ አጀንዳው የአዲስ የምርት ክፍል ኃላፊ ሹመት ሆነ። እትዬ ሰነዱን ቤቷ ሆና ስታነብ የዕጩው የአባት ስም ላይ ዓይኗ ቆመ። የእህቷ ባል ስም ነው። እርግጥ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ስንት አለ። ስም ይመሳሰላል ብላ ገጹን ገለጠች፤ መልሳም ወደ ስሙ ተመለሰች። በስብሰባው ቀን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየችው። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ ገንጠል ያሉ፣ የአባቷን ጆሮ ቁርጥ። ጆሮም ይመሳሰላል አለች በልቧ፤ ዞር ብላ ግን ደግማ አየችው።

ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የኃላፊው አክስት ነፃ አባል መሆን አትችልም፤ ከተናገረች ወንበሯ ሄደ። ዝም ካለች ማን ያውቅባታል? ወንበሯንም ትይዛለች፣ ልጁንም በየስብሰባው ከጠረጴዛው ማዶ እያየች ትኖራለች። ከዚህ የበለጠ ምን ትመኛለች? ደግሞም አላረጋገጠችም። እስኪረጋገጥ ዝም ማለት የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው።

ሰብሳቢው ጥያቄውን ጠየቀ። የለኝም አለ ፕሮፌሰሩ። የለኝም አለ ጠበቃው። የዶሮው ሰውዬ ከእንቅልፉ ባነነና የለኝም አለ። ተራው እሷ ዘንድ ደረሰ። የገዛ እህቷን ልጅ፣ በሩ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ የለኝም ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እምቢ አላት።

"አለኝ" አለች።

ውሃ የሚቀዳው እጅ ባለበት ቆመ። ሰብሳቢው በደንብ ያልሰማ መስሎት ጠጋ አለ።

"የእህቴ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።"

"ሳይሆን አይቀርም ሲሉ?"

"አላረጋገጥኩም።"

ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ጠበቃው ስንት ለፍቶ ያገኛትን ነፃ አባል ሊያጣ ነውና ፊቱ ተለዋወጠ። ልጁን እንጠይቀው ተባለና ተጠርቶ ገባ። ሰብሳቢው ወደ እትዬ እያመለከተ፣ ከእኚህ ሴት ጋር ዝምድና ይኖርዎት እንደሆን ጠየቀው። ልጁ ዞሮ አያት። ዓይኑ ፊቷ ላይ አንድ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

"እናቴ እህት የለኝም ነው የምትለን" አለ።

ሰብሳቢው እፎይ ብሎ ወንበሩን ተደገፈ። በቃ፣ ስም ተመሳስሎ ነው፣ ያጋጥማል፣ ወደ ሥራችን እንመለስ አለ። ጠበቃውም ሳቅ ብሎ፣ እትዬ ዛሬ ተሳሳቱ አላት። ከልባቸው ሊረዷት ፈልገው ነው። ከእሷ የሚጠበቀው አዎ፣ ተሳስቻለሁ ማለት ብቻ ነበር፤ ወንበሩም፣ ሻዩም፣ የልጅ ልጆቹ ፎቶም እንደነበሩ ይቀጥሉ ነበር።

እትዬ መነጽሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"እሷ የላትም ይሆናል" አለች። "እኔ ግን አለኝ።"

ተነሥታ ወጣች። ማንም አልተከተላትም፤ ምን ብሎ ይከተላታል?

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴት እሷው ናት፤ የቆጡም አልወረደላት። ከእንግዲህ ቀሚስ የምትተኩስለት ቀን የላትም። ከበሩ ኋላ የፕሮፌሰሩ ድምፅ ይሰማል፤ ልጁን አንድ ነገር ጠይቆ ራሱ እየመለሰ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ድምፅ ስትሰለች ኖራ፣ አሁን ሲናፍቃት ተሰማት።

ቆይቶ ልጁ ወጣ። ፊቱ ላይ እንደተሾመ ያስታውቃል። ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ አጠገቧ አልፎ ሄደና ሊፍቱን ጠራ። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ። ልጁ አልገባም። ተመልሶ መጥቶ ፊቷ ቆመ።

"እናቴ ደህና ናት" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ደህና ናት።"

የት ትኖራለች፣ ስንት ልጅ ወለደች፣ ስሜን ታነሣለች ወይ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አፏ ላይ መጣ።

"አንተስ ደህና ነህ?" ብቻ አለች።

"እኔም ደህና ነኝ።"

አክስቴ አላላትም። ለእናቴ እነግራታለሁም አላለም። ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናበታትና በደረጃው ወረደ።

እትዬ እዚያው እንደተቀመጠች አለቀሰች። እህቷ በሕይወት አለች። ይህችን ወሬ ለመስማት ያንን ወንበር ሁለት ጊዜም ትለቅቀው ነበር።